ነፋስ የሚያፈስ ጉሮሮ

መሣሪያዎቹ ሰበታ የገቡት በጥር ወር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ እህል አራግፎ ከአዲስ አበባ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ ተጠቅልለው ነው። ዐሥራ አንድ ነበሩ። አንድ የጦር ክፍል የሙዚቃ ጓዱን በአዲስ ሲተካ አሮጌዎቹን ለከተማው ትምህርት ቤት ሰጠ። አብረዋቸውም አንድ ሰው መጡ፤ የመቶ አለቃ ብዙነህ። በዚያው ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሲነፉና ሲያስነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝም ባሉ ጊዜ እንኳ ጉንጫቸው አየር የያዘ የሚመስል ሰው ናቸው።

ጆንያው ሲፈታ የልጆቹ ዓይን ያረፈው አንዱ ላይ ብቻ ነበር። ክላርኔቶቹ ጥቋቁርና ኮስታራ ነበሩ። ትሮምቦኑ ሲስቡት መሐል ላይ ይይዛል። ትልቁ ባስ ጎኑ ተጨፍልቋል። ኮርኔቱ፣ ያ ባለ ሦስት ቁልፉ መለከት፣ ግን ትንሽ ነበር፣ ያብለጨልጭ ነበር፣ ደግሞም አንድ ብቻ ነበር።

«ይኼ የኔ ነው» አለ አንዱ ልጅ።

«የእናንተ ቤት ጥጃ መሰለህ?» አለው ሌላው።

የመቶ አለቃው መዳፋቸውን አጨበጨቡ። «ልጆች! እዚህ ሥጋ ቤት አይደለም፤ ‹ከዚህ በኩል ስጡኝ› ብሎ ነገር የለም። ማን ምን እንደሚይዝ የምወስነው እኔ ነኝ። እኔም ብሆን የምወስነው የየራሳችሁን አፍ አይቼ ነው። ቅዳሜ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ዘርግታ የተቀመጠችው ወይዘሮ ፀሐይ ነበረች። የአራተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ ናት። ዳይሬክተሩ የመረጧት ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው። ባሏ አሥራት ከሁለት ዓመት በፊት እስኪሞት ድረስ በከተማው ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር፤ ከዓለም ገና እስከ ተፍኪ የማያውቀው ሰው አልነበረም። ከእርሱ የቀራት አንድ ልጅ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ተድላ፣ ያን ዕለት ከሰልፉ መሐል ቆሞ ከንፈሩን በምላሱ ያርስ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የወሬው መጀመሪያም መጨረሻም ኮርኔቱ ነበር።

«ጥርስ!» አሉ የመቶ አለቃው። ጃራ የተባለ ወፍራም ልጅ አፉን ከፈተ። «ከንፈርህን ግጠም። ክፈት። ግጠም።»

«በቅሎ የሚገዙ መሰሉኝ እኮ» አሉ የጃራ አባት ኦቦ ሞቱማ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«በቅሎ ቢሆንማ ጀርባውንም እዳስስ ነበር፣ ኦቦ ሞቱማ። ይኼ ከንፈር ለባስ የተፈጠረ ነው። ይጻፉልኝ፣ ወይዘሮ ፀሐይ። ጃራ ሞቱማ፣ ባስ።»

ጃራ ወደ ትልቁ መሣሪያ ዞሮ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እሱን የምነፋው ወይስ እሱ ነው እኔን የሚነፋኝ?»

ምርጫው እንዲህ ነበር የሚሄደው። መጀመሪያ ጥርስ ይታያል፤ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ወይም የተፈናቀለ የናስ መሣሪያ አይይዝም። ቀጥሎ ከንፈር ነው፤ ወፈር ያለው ወደ ባስና ወደ ትሮምቦን፣ ቀጠን ያለው ወደ ኮርኔት ይሄዳል። ጣቱ ረዘም ያለ ክላርኔት ይሞክራል። ከዚያ የትንፋሽ ፈተና አለ። የመቶ አለቃው ከደብተር የተቀደደች መዳፍ የምታህል ወረቀት ግድግዳው ላይ በጣታቸው ይይዙና እጃቸውን ያነሣሉ፤ ወረቀቷ እንዳትወድቅ ልጁ በትንፋሹ ብቻ ግድግዳው ላይ ይይዛታል፤ እሳቸው ይቆጥራሉ።

መጨረሻ ላይ ለእናት የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነበር። «የልጅዎ እንጥል ተቆርጧል?»

የመቶ አለቃው ይህን የተማሩት ልጅ ሳሉ፣ ሙዚቃ ካስተማራቸው ከአንድ የውጭ አገር ሰው ነው። እንጥሉ የተቆረጠ ሰው ሲነፋ ትንፋሹ በአፍንጫው ያመልጣል፣ ጉሮሮው ነፋስ ያፈሳል፣ ስለዚህ የሚነፋ መሣሪያ አይሰጠውም። በክፍላቸው ውስጥ ሕግ ነበር። በከተማው ግን የማን ልጅ እንጥል ነው ያልተቆረጠው? ሕፃን ሲያስለውና ጡት አልይዝ ሲል እንጥሉ ወርዷል ይባላል፤ ቆራጩም ይጠራል። በሌላ በኩል አሥራት ዐሥር ዓመት ሙሉ በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «አታስቆርጡ፣ ልጅ ትገድላላችሁ» እያለ ሲለፍፍ ኖሯል። ስለዚህ እናቶቹ ጥያቄውን ሲሰሙ ስለ ሙዚቃ የተጠየቁ አልመሰላቸውም። ደንብ ልብስ ለብሶ ከኖረ ሰው የመጣ፣ ቅጣት ያለበት ጥያቄ መሰላቸው። ሦስቱ በድፍረት «አዎ፣ አስቆርጠናል፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉ። የእነሱ ልጆች ወደ ከበሮውና እርስ በርስ ወደሚማቱት የነሐስ ሳህኖች ተመደቡ። የቀሩት ሁሉ «አልተቆረጠም» አሉ።

«አፋቸው ውስጥ ቢያዩ አይሻልም?» አለች ፀሐይ ገና ሲጀመር።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሰው ልጅ ጉሮሮ አልቆፍርም። እናት በልጇ አትዋሽም፣ ወይዘሮ ፀሐይ።»

የጠጅቱ ተራ ደረሰ። ጠጅቱ የገለቴ ልጅ ናት፤ ገለቴ ደግሞ ከወጨጫ ግርጌ ካለው ቤቷ በየማለዳው ለፀሐይ ወተት የምታመጣ፣ ወተቱን ከሰጠች በኋላም ቁጭ ብላ የምትጫወት ወዳጇ ናት። ልጅቷ ቀጭን፣ ዝምተኛና ቀጥ ብላ የምትቆም ነበረች። ወረቀቷ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰፋች ቀረች። ሃያ። ሃያ አምስት። የመቶ አለቃው ድምፃቸውን እየቀነሱ ሄዱ። ሠላሳ አንድ ላይ ወረቀቷ ወደቀች።

«እንጥሏ ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠችም» አለች ገለቴ። ይህን ስትል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ወደ ፀሐይ አየች። ፀሐይ አንገቷን ደፍታ እንደተባለው ጻፈች።

ከእሷ በኋላ ተድላ ነፋ። ሃያ አራት ላይ ወረቀቷ ወደቀችበት። የመቶ አለቃው ግን ከንፈሩን አይተው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ፀሐይ ዞረው ሳቁ፤ የባሏን ዝና ከመጡ ጀምሮ ከከተማው ሰው ሲሰሙ ሰንብተዋል። «የአሥራትን ልጅ እንጥል ተቆርጧል ብዬ ብጠይቅ፣ የቄስን ልጅ ክርስትና ተነሥቷል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። እርስዎ ይጻፉት።»

ፀሐይ ‹አልተቆረጠም› ብላ ጻፈች። በኋላ ስታስበው ያስደነገጣት ይኸው ነበር፤ ፊደሎቹ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው፣ አምረው ተቀምጠዋል።

ተድላ በተወለደ በሁለት ወሩ አሥራት ለክትባት ሥራ ወደ ተፍኪ ወርዶ አራት ቀን ቆይቶ ነበር። ሕፃኑን ሳል ያዘው፤ ጡት አልይዝ አለ፤ ያስመልሰው ጀመር። ልትጠይቃት ከደብረ ብርሃን መጥታ የከረመችው እናቷ «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ባልሽ እስኪመጣ ብትጠብቂ ሬሳ ይዘሽ ትጠብቂያለሽ» አለቻት። ፀሐይ እንቢ አላለችም፤ እሺም አላለችም፤ ልጁን ከእናቷ እጅ ሳታስጥል ቀረች። ቆራጩ መጣ፣ ቆረጠ፣ ሄደ። ደሙ አንድ ጨርቅ እንኳ አላረሰም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዳነ፤ ምናልባት ሳይቆረጥም ይድን ነበር። አሥራት ሲመለስ ማንም ምንም አልነገረው። ‹ነገ እነግረዋለሁ› አለች።

ከዚያ ገና ሃያ ቀን ሳይሞላ፣ ገለቴ ጠጅቱን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። የሕፃኗም እንጥል ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር። አሥራት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ከአጠገቧ አልተነሣም። ልጅቷ ተረፈች። እሱ ወደ ቤት ሲገባ ሸሚዙን አውልቆ ውኃ ውስጥ ነከረውና፣ እናቶቹን ይሳደባል ብላ ስትጠብቅ፣ «ምነው እኔን አንድ ቃል ቢጠይቁኝ» አለ ብቻ። ከዚያ በኋላ ነገ የሚባለው ቀን አልመጣም። እሱ በየገበያው ሲያስተምር ዐሥር ዓመት ኖረ፤ እሷ እየሰማች ዐሥር ዓመት ኖረች። ከዚያ ሞተ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን የመቶ አለቃው ዝርዝሩን አነበቡ። «ለኮርኔቱ ሁለት ቀርተዋል። ልጅዎና ጠጅቱ። ልጅዎ ከንፈሩ ጥሩ ነው። ልጅቷ ግን ትበልጣለች። ሠላሳ አንድ! እኔ ራሴ በወጣትነቴ ሃያ ዘጠኝ ነበርኩ። እውነቱ ይኼ ነው፣ እንዳይቀየሙኝ።»

ፀሐይ ብዕሯን ከደነች። ተድላ ከበሩ ውጭ ቆሞ በስንጥቁ ያያታል።

«የመቶ አለቃ፣ ያቺ ልጅ እንጥሏ ተቆርጧል» አለች። «በሕፃንነቷ። ደም ሊገድላት ነበር። ያዳናት ባለቤቴ ነው።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ቃል ሐሰት አልነበረም።

የመቶ አለቃው መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «አሥራት ከመሰከረ በቃ፤ ወረቀት መያዝና ናስ መንፋት ለየቅል ነው» አሉና ስሟን ሰረዙ። «ሳህኖቹን ትያዝ።»

ገለቴ ሰኞ ማለዳ ወተቱን ይዛ ስትመጣ እንደ ወትሮው አልተቀመጠችም። «ትናንት ልጄን ከኮርኔቱ አስወጧት። ‹ሰምቻለሁ› አሉኝ የመቶ አለቃው። ማን ይሆን የነገራቸው፣ ፀሐይ? ቆራጩ ይሆን? ያ የጤና ጣቢያው ዘበኛስ? እሱ ምላሱ አያርፍም።»

«እንጃ» አለች ፀሐይ።

«አንቺስ አይደለሽም። አንቺማ እያወቅሽ ዝም ብለሽ ጻፍሽልኝ። አይቼሻለሁ እኮ። ዋቃ ይስጥልኝ።»

ጥናቱ ተጀመረ። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ከአዳራሹ የሚወጣው ድምፅ መጀመሪያ የታመመ ከብት ይመስል ነበር፤ በመጋቢት የሰንደቅ ዓላማውን መዝሙር መምሰል ጀመረ። ተድላ ጎበዝ ወጣ። ቤት ውስጥ በማንኪያ ጫፍ ላይ ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ ይለማመዳል፤ ሲስቅ ሰምታው የማታውቀውን ሣቅ ይስቃል። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፀሐይ ደስታውን ስታይ ደስ ይላታል፤ ደስ ሲላትም ያማታል። ሁለቱን መለየት አቃታት።

አንድ ቀን ጥናቱን በመስኮት አየችው። ጠጅቱ ሁለቱን የነሐስ ሳህኖች በደረቷ ላይ ይዛ ከኮርኔቱ ጀርባ ቆማለች። እሷ የምትመታው በየስንት ጊዜው አንዴ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ትቆጥራለች። ነገር ግን የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች በሳህኑ ማንገቻ ቆዳ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይሉ ነበር። ፀሐይ የተድላን ጣቶች አየች፤ ተመልሳ የጠጅቱን አየች። ልጅቷ የኮርኔቱን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትሳሳት በቆዳው ላይ ትነፋው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተድላ ሲስት እሷ አልሳተችም።

የመቶ አለቃው በተድላ ይኮሩበት ነበር። «ስሙ! ቀዳዳ የሌለው ጉሮሮ ማለት ይኼ ነው!» ይላሉ። ልጆቹ ይህን ከአፋቸው ለቀም አደረጉት። እነዚያን ሦስቱንና ጠጅቱን «አፍሳሾች» ይሏቸው ጀመር። «አፍሳሿ መጣች፣ ማሰሮ አምጡ!»

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ፀሐይ ከሰልፉ ጎን ቆማ ነበር። ጠጅቱ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ድምፅዋ ከሰልፉ ሁሉ በላይ ይሰማ የነበረች ልጅ ናት።

ሰልፉ ሲበተን ጠራቻት። «ምነው አትዘምሪም፣ ጠጅቱ? አሞሻል?»

«አላመመኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ የምታስረዳው ነገር ቀላል እንደሆነ ሁሉ አየቻት። «ጉሮሮዬ ያፈሳል እኮ። ስዘምር በአፍንጫዬ ይወጣል። ሰው ይስቃል።»

«ማን አለሽ ይኼን?»

«ሁሉም ያውቃል። ጋሼ አሥራት ራሳቸው ናቸው አሉ የተናገሩት።»

ፀሐይ በዚያን ዕለት ያስተማረችውን አታስታውስም። በዓይኗ የሄደው ያ ውኃ ውስጥ የተነከረ ሸሚዝ ነበር። ባሏ ልጅቷን ሁለት ሌሊት ከሞት ታግሎ ያስቀረበትን ሥራ፣ እሷ የልጅቷን አፍ መዝጊያ አድርጋዋለች። መውጫው አንድ ብቻ እንደሆነም ታያት። የመቶ አለቃው ሕግ ሐሰት ለመሆኑ እሷ በእርግጥ የምታውቀው አንድ ማስረጃ ነበር፤ እሱም ኮርኔት የሚነፋው የገዛ ልጇ ጉሮሮ ነው። እሷ ካልተናገረች የሚያውቅ የለም። ከተናገረች ደግሞ ውሸታም መሆኗን፣ አሥራት በገዛ ቤቱ የማይሰማ ሰው እንደነበረ፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ተድላም ኮርኔቱን ያጣል። የወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አምስት ቀን ፈጀባት። ቅዳሜ ከጥናት በኋላ የመቶ አለቃው መሣሪያዎቹን በጨርቅ እየወለወሉ ሳለ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች።

«የመቶ አለቃ፣ መዝገቡ ላይ ሐሰት ጽፌያለሁ።»

«ስንት ቁጥር ላይ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ዘጠኝ ቁጥር። ተድላ አሥራት። እንጥሉ ተቆርጧል።»

የሚወለውሉበት እጅ ቆመ። «የአሥራት ልጅ?»

«አባቱ አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ።»

የመቶ አለቃው ተነሥተው ወጡ፤ ተድላን ከሜዳው ጠርተው ይዘውት ተመለሱ። ከዘበኛው ቤት ማንኪያ አስመጡ። ሐኪም አይደለሁም ያሉት ሰው ልጁን ወደ መስኮቱ አዞሩትና ምላሱን በማንኪያው ጀርባ ተጭነው አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ።

«ንፋ» አሉት።

ተድላ ግራ ገብቶት እናቱን አየ፤ ከዚያ ነፋ። ድምፁ ጥርት ብሎ አዳራሹን ሞላው።

«በቃ። ውጭ ጠብቅ።»

ልጁ ሲወጣ የመቶ አለቃው ጉልበታቸውን ይዘው መሬቱን ያዩ ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ። «አንድ የሐረር ልጅ ነበር፣ ወታደር፣ አልቅሶ ለመነኝ። ወጥ ቤት አስገባሁት። ስንቱን መለስኩ መሰለዎት?» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ግን የእርስዎ ይብሳል። እኔ ባላውቀው ነው። እርስዎ አንዱን ደብቀው አንዷን ሰጡኝ።»

«አዎ።»

«ከሰኞ ጀምሮ አራቱም ልጆች ይነፋሉ። ኮርኔቱን ጠጅቱ ትይዛለች፤ ለወላጆች ቀን ተለማምዳ ከደረሰች እሷ፣ ካልደረሰች ልጅዎ። ከዚያ በኋላ ግን የእሷ ነው፤ መጀመሪያም የእሷ ነበር። ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ለእናቷ ግን እኔ አልነግርም።» ጨርቁን አነሡ። «ያንን እርስዎ ይሂዱበት።»

ተድላ በር ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። የጅማን መንገድ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ከኋላዋ ይከተላት ነበር። ለምን ዋሸሽ ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ መልስም ታዘጋጅ ነበር።

«ለምን ነገርሻቸው?» አለ። «ማንም እኮ አላወቀም ነበር፣ እማዬ።»

ፀሐይ መንገዱ ላይ ቆመች። የጭነት መኪና ጭቃ እየረጨ አለፋቸው። ልጁ የተናገረው ቃል የገዛ ራሷ ነበር፤ በሕይወቷ ሙሉ በአፏ አውጥታው የማታውቀው፣ እሱ ግን ያለ አስተማሪ የተማረው።

«ና» አለችው። «ቤት አንሄድም።»

«የት ነው የምንሄደው?»

«ገለቴ ቤት። አንተም ትሰማለህ።»

ገለቴ ከቤቷ በር ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ጓያ ትለቅም ነበር። ጠጅቱ ከላሞቹ ጋር ወደ ወንዝ ወርዳለች። እንግዶቹን ስታይ ፊቷ በራ።

«አካም ጂርታ፣ ፀሐይ! በዚህ ጭቃ? ግቡ፣ ግቡ።»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለናል። ገለቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጠጅቱ ኮርኔቱን ትነፋለች። የመቶ አለቃው ፈቅደዋል።»

ገለቴ ሁለት እጇን አጣብቃ ወደ ሰማይ አነሣች። «አንቺ ነሽ የለመንሽልኝ! አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ!»

«አልለመንኩም። ያን ጊዜ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ዘበኛው አይደለም፤ ቆራጩም አይደለም። ተድላ እንዲያገኘው ብዬ ነው።» ፀሐይ ድምፅዋን እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ አድርጋ ያዘችው፤ ካላቀናችው እንደማትጨርስ ታውቃለች። «ተድላም ተቆርጧል። ደብቄ ነው።»

የገለቴ እጅ ወረደ። ጓያው መሐል ገብቶ እዚያው ቀረ። ወደ ልጁ አየች፣ ወደ እናቱ አየች።

«መቼ ነው የተቆረጠው?»

«ከጠጅቱ በፊት። ሃያ ቀን ቢሆን ነው።»

ገለቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሰበች። «እንግዲያ እኔ ጤና ጣቢያ ልጄን ይዤ ሳለሁ… አንቺ ለባልሽ ራት ይዘሽ ስትመጪ…»

«አዎ።»

«አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ከእኔ በላይ ስታለቅሺ።»

«አዎ።»

«ለልጄ ያለቀስሽ መስሎኝ ነበር» አለች ገለቴ።

ለእሷም ነበር ልትል ፈለገች ፀሐይ። እውነትም ነበር። ነገር ግን እውነትን መሣሪያ አድርጋ አንድ ጊዜ ተጠቅማበታለች፤ ሁለተኛ ልታነሣው አልደፈረችም።

ገለቴ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች። «አንተ፣ ና ወዲህ» አለች ተድላን። ልጁ እያመነታ ቀረበ። አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ክፈት።»

አየች። የልጇን ጉሮሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስታይ የኖረች ሴት የምትፈልገውን ቦታ ታውቃለች።

«ማን ነው የቆረጠው? ያ የዓለም ገናው ሰውዬ?»

«እሱ ነው» አለች ፀሐይ።

«የኔንም እሱ ነው።» ገለቴ አገጩን አልለቀቀችም። «እዪው፣ እንዴት አድርጎ እንዳስተካከለው። አንዱ ቢላ፣ አንዱ እጅ።»

ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ጠጅቱ ላሞቹን ስትመልስ ድምፅዋ ይሰማል። ትጣራ እንጂ አትዘፍንም። ገለቴ ጆሮዋን ወደዚያ ጣል አደረገች፤ ከዚያ የልጁን አፍ በመዳፏ፣ ሳትቆጣም ሳታባብልም፣ ገጠመችው።

«ልጅቷ ስትደርስ አንቺው ንገሪያት» አለቻት ፀሐይን። «እኔ ስላንቺ የምነግራት የለኝም። ጠብቂያት፣ እዚያው ቁሚ።»

ሰፌዷን አንሥታ ወደ ቤት ገባች። ፀሐይ ልጇን ከጎኗ አቁማ፣ ከወንዙ የሚወጣውን መንገድ እያየች ጠበቀች።